እስኪሞላው

ልብስ ሰፊዋ እታገኝ፣ የልጇ የሐመልማል አዲስ ሹራብ ከሌሎች ልጆች ሹራብ ጋር እንዳይቀየር ብላ ስክሪብቶ ሰጠቻትና "አንገትጌው ላይ ስምሽን ጻፊበት" አለቻት። ሐመልማል አንድ መስመር ወደ ታች አሰመረችና እጇን ሰበሰበች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

"እስኪሞላው።"

የእታገኝ ደም ፈላ። ትምህርት ቤት ወረቀት ከቀረ ወዲህ ሕፃናቱ የሚጽፉት በመስታወት ሰሌዳ ላይ መሆኑን ታውቃለች፤ ልጁ በጣቱ የጀመረውን ፊደል ሰሌዳው እንደሚጨርስለት ግን እስከዚያች ቀን ማንም አልነገራትም ነበር። በማግስቱ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

"ልጅዎ እኮ በጽሕፈት ከክፍሏ አንደኛ ናት" አሏት ርእሰ መምህሩ።

"አንደኛ የወጣው ሰሌዳው ነው። እሷማ ስሟን መጻፍ አትችልም። መሙያውን ያጥፉልኝ።"

"ከጠፋ ውጤቷ ይወድቃል፤ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ትመለሳለች።"

"ትመለስ። ሳታውቅ አንደኛ ከምትሆን እያወቀች መጨረሻ ትሁን።"

ርእሰ መምህሩ በረጅሙ ተንፍሰው የስምምነት ቅጹን በሰሌዳ አቀረቡላት። እታገኝ ጣቷን አሳርፋ ገና "እ"ን ስትጀምር ስሟ ከነአባቷ አምሮ ተሞላ። አጠፋችው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ሞላላት።

"ይኸው ተፈረመ" አሉ።

"እኔ አልፈረምኩም።"

ከኪሷ የልብስ ጠመኔዋን አውጥታ በጠረጴዛቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር ስሟን ጻፈች።

"የፈረምኩት ይኼን ነው፤ እንዳያጠፉት።"

ሐመልማል በዚያው ሳምንት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ወረደች። የመጀመሪያዋን "ሐ" አጣምማም ቢሆን ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት።