ድንኳን የሚችል ግቢ

የፎቁን ቤት ቀብድ ከፍሎ ጨርሷል፤ ይህን ግን ከሱና ከሚስቱ በቀር ማንም አያውቅም። ፎቁ ግቢ የሚባል ነገር የለውም፤ መኝታ ቤቶቹም ሁሉም ላይ ናቸው። አብራቸው የምትኖረው እናቱ ደግሞ ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። እንዲያም ሆኖ «ሳታይው አልገዛሁም» ለማለት ያህል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቤት ሊያሳያት መኪና ውስጥ አስገባት።

መጀመሪያ የወሰዳት ወደ አሮጌው ቪላ ነበር። እናቱ ክፍሎቹን እንኳ ሳታይ ግቢው መሃል ቆማ ዙሪያውን ቃኘችና፣ «ይሄ ድንኳን ይችላል» አለች። የልጅ ልጇን ሰርግ ያሰበች መሰለውና ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

ፎቁ ቤት ሲደርሱ ደረጃውን አንጋጣ አየችው እንጂ አልወጣችም።

«አንተ ከደላላው ጋር ተነጋገር፤ እኔ ትንሽ ልናፈስ» ብላ ወደ ውጭ ወጣች።

ቆየችበትና ሊፈልጋት ቢወጣ፣ ፊት ለፊት ካለው ቤት በር ላይ ከአንዲት አሮጊት ጋር ስታወራ አገኛት። ለማያውቁት ሰው እያማችው መስሎት ክው አለ።

«እማዬ፣ ካልወደድሽው እኮ እንተወዋለን» አላት። ድምፁ ለራሱም ውሸት ውሸት አለው።

«ኧረ ግዛው! ሚስትህ ወዳው የለም እንዴ?» አለችና ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ግቢ የለውም ብለህ ደግሞ እንዳትጨነቅ ልጄ። እኔ ስሞት ድንኳኑን እሳቸው ግቢ ትተክላላችሁ፤ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።»