እኔ ማለት

ለላቦራቶሪ ኃላፊነት ተወዳድራ የወደቀችው ዘይነት፣ ከፈታኞቿ አንዱ የነበሩትን አቶ ምናሴን ጣና ዳር አገኘቻቸው። ከሰላምታው በኋላ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ጎድሎኝ ነው የወደቅሁት?» አለቻቸው።

«በቃለ መጠይቁ ላይ የታካሚዎች ውጤት መምታታቱ ቀረ ብለሽን ነበር። ማን አስቀረው?»

«እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ለፍቼበታለሁ።»

«ለእኛ ግን ‹አስቀረን፣ አስተካከልን› ነው ያልሽው። ያንቺን ድርሻ ከየት እንወቀው?»

ዘይነት አንገቷን ደፋች። እኔ እኔ ማለት ነውር ነው እየተባለች ነበር ያደገችው።

«ሌላ ቦታ ሲወጣ ተወዳደሪ። ያኔ የሠራሽውን በራስሽ አፍ ተናገሪ» ብለዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እሷ ውሃው ዳር ቀረች። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አለች ቀስ ብላ፤ ወዲያው ሰው ሰምቷት እንደሆነ ደንግጣ ዞር አለች።