ድልድዩ ሳይዘጋ

ፖሊሱ ለኦዴል የነገራት ሁለት ነገር ነው፦ ድልድዩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ማታ አውሎ ነፋሱ ሲደርስ ውሃው ከሰው ቁመት በላይ ይነሳል።

"አውቶቡሱስ?" አለችው።

"እሱማ ሞልቶ ሄደ፣ እናቴ። ሌላ ይመጣል ተብሏል፤ ነዳጅ ካገኘ።"

ይህን ብሎ መኪናውን አዙሮ ወደሚቀጥለው ቤት ነዳ።

በአሜሪካዋ ሉዊዚያና የባሕር ጠረፍ ያለችው ላ ሳሊን የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሁለት ቀን ሙሉ ስትራወጥ ነበር። መጀመሪያ የታሸገ ውሃና ባትሪ ከሱቅ ጠፋ። ቀጥሎ ጣውላ አለቀ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የማደያው ሠራተኞች የቤንዚን መቅጃዎቹን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው እነሱም ወደ ሰሜን ሸሹ። መኪና ያለው ወጥቷል። ኦዴል ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ኤርቬ ከሞተ በኋላ መኪናውን ሸጣዋለች።

ሻንጣዋን ይዛ አሥራ ስድስቱን እርከን እያቃሰተች ወረደች። ካለፈው ጎርፍ በኋላ ኤርቬ ቤቱን አንስቶ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ከሰቀለው ጀምሮ ጉልበቷ ደረጃውን ሲረግም ይኖራል። ታችኛው እርከን ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ጀመር። ሰማዩ እንደ በለዘ ቆዳ ጠቁሯል። ወፍ የሚባል የለም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በመንገዱ ብቅ ያለው አውቶቡስ ሳይሆን ቫልሳን ነው።

ኦዴል ፊቷን አዞረች። ከዚህ ጎረቤቷ ጋር ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። ያን ጊዜ፣ ከጎርፉ ማግስት፣ የኤርቬ የጀልባ ሞተር ጠፋ። ወር ሳይሞላ በቫልሳን ጀልባ ላይ አዲስ ሞተር ታየ። ኤርቬ እስኪሞት ድረስ "እሱ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም" እንዳለ ነበር።

ትናንት ደግሞ ይኸው ሰው ሳይጠሩት መሰላል ተሸክሞ መጥቶ መስኮቶቿን በሙሉ በጣውላ ደፍኖላት ሄዷል። መሬት ላይ የተቀመጠው የራሱ ቤት መስኮቶች ግን አልተነኩም። ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አደረች። መስኮት የሚደፈነው ውስጡ የሚሠራው እንዳይታይ አይደል?

"በልጄ በክሎቲል መኪና ውስጥ አንድ ቦታ አለ" አላት፤ ሰላምታም አላስቀደመ። "ተነሺ።"

ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

"አገር ሁሉ ነዳጅ አጥቶ አንተ ከየት አገኘህ?"

"ተገኘ።"

"ከማን መኪና?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰዓት የለም! ትሄጃለሽ ወይስ ከአዞ ጋር ልትዋኚ ነው?"

ኦዴል መንገዱን አንዴ አየችው። ባዶ ነው። ተነሳች።

የቫልሳን ልጅ ክሎቲል መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ሞተሩን አስነስታ ትጠብቃለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ወደ አባቷ አትመለከትም። ከኋላ ሦስት ልጆቿ ከውሻቸውና ከውሃ ጠርሙሶች ጋር ተጣበዋል። ቫልሳን የፊተኛው ወንበር ላይ የነበረውን አሮጌ ቦርሳ አንስቶ ትከሻው ላይ አንጠለጠለና በሩን ከፈተላት። ከአጥሩ ወዲያ የእሱ ፒክአፕ የነዳጅ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል።

"ቤትሽን ቆልፈሻል?" አላት።

"ምን አገባህ?"

"ቁልፉን ስጪኝ።"

ይኸው፤ መጣ፣ አለች ኦዴል በልቧ።

"ለምን ሲባል?"

ቫልሳን ቀና ብሎ ቤቷን አየ፤ ከዚያ ሰማዩን።

"ምናልባት ማታ..."

"ምናልባት ምን? ሞተሩ አልበቃህም?"

የቫልሳን ጆሮዎች ቀሉ።

ኦዴል ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀች። "ባዶ ባዶውን ቤት ሁሉ ጥለንልሃል፤ የእኔ ይቅርብህ።"

"ይሁን" አለ። "ግቢ።"

ትንሿ ልጅ በመስኮቱ እጇን ዘርግታ የሸሚዙን እጅጌ ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸውና ግንባሯን ስሞ፣ "ስትመለሺ ሸርጣን እናጠምዳለን። እናትሽን እንዳታስቸግሪ" አላት። ከዚያ የመኪናውን ጣሪያ ሁለቴ በመዳፉ መታ። ክሎቲል ነዳች።

ድልድዩ ላይ የደረሱት ለስምንት አሥር ጉዳይ ነው። ነፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን እየገፋ ያላትማታል፤ ከታች ውሃው ወደ ኋላው ይፈሳል። ኦዴል ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ተሻግረው ጥቂት እንደሄዱ ፖሊሶቹ መንገዱን ሲዘጉ በመስታወት አዩ። ከእነሱ በኋላ የወጣ የለም።

ከዚያ የመኪናው ሰልፍ ዋጣቸው። በእግር የመሄድ ያህል እያዘገሙ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ዝናቡ እንደ ጠጠር ጣሪያውን ይደበድባል። ራዲዮው፣ "ከድልድዩ በስተደቡብ የቀራችሁ፣ የምትችሉትን ያህል ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ" ይላል፤ ይደጋግመዋል። ክሎቲል ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ይወርዳል። ኦዴል ፍርሃት መሰላት። ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፤ አልተቀበለችም።

ልጆቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ኦዴል ማፈን አቃታት።

"አንቺ እንኳ ደግ ልጅ ነሽ፤ ልሸሽግሽ አልችልም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አባትሽ ግን ሰው ሁሉ ነፍሱን ሊያድን ሲሮጥ፣ እሱ ምን ሊለቅም ቀረ?"

ክሎቲል እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"እማማ ኦዴል፣" አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ "እርስዎ የተቀመጡበት የእሱ ቦታ ነው።"