ግራ እጅጌ

እኔ ልብስ ገዝቼ አልለብስም። የሠራሁትን ሹራብ ለብሼ ቢሮ ስገባ ሴቶቹ ይከቡኛል። "ከየት ገዛሽው?" ሲሉኝ "ከእጄ!" እላለሁ፤ ልቤ እብጥ ይላል።

ይሄ አረንጓዴው ግን አናደደኝ። ሁለቱንም እጅጌ ሰማንያ ሰማንያ መስመር ሠርቼ ስለካው ግራው ከእጄ አንጓ በላይ ቀረ። አጥብቄ ሠርቼው ይሆናል ብዬ አሥር መስመር ጨመርኩ። በማግስቱ ስለካው እንደገና አጠረ። ድሮ ወንበር ላይ ወጥቼ የማወርደውን የክር ጥቅል ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ እጄን ሰደድ አድርጌ አወረድኩና ሃያ ጨመርኩ። ከዚያ ሌላ ሃያ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በመጨረሻ ልክ ሆነልኝ። እፎይ ብዬ አወለቅኩትና ልተኩሰው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

ታላቅ እህቴ ገብታ አየችውና ከት ብላ ሳቀች። ግራው እጅጌ ከቀኙ ከስንዝር በላይ ይረዝማል።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን የሠራሽው ለሰው ነው ለዝንጀሮ?"

"አሁን ለክቼዋለሁ እኮ! ልኬ ነው።"

"እስቲ ልበሽው።"

ለበስኩት። ሁለቱም እጅጌዎች አንጓዬ ላይ ልክክ አሉ። "አላልኩሽም?" አልኳት።

እህቴ መሳቋን ተወች።

"ጎንበስ አትበይ፤ ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለችኝ።

"ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት።"

ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

"ታዲያ ግራ እጅሽ ጉልበትሽ ላይ ምን ይሠራል?"