ግማሽ ይል ነበር

«አብሪው» ይላል ሽቦ የምንለው ኤሌክትሪሺያን ከአባቴ ፒክአፕ ሥር ተንጋሎ።

ቁልፉን አዞራለሁ። የነዳጁ ጌጅ ቀስት ትንሽ ተንቀጥቅጦ ከባዶው ምልክት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። እውነቱን ነው፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሰልባቲዮ ውስጥ ያለው ሦስት ሊትር ብቻ ነው። ጠዋት በጀሪካን የጨመርኩት እኔው ነኝ።

«ምን ይላል?»

«ባዶ ሊሆን ነው ይላል።»

«አጥፊው። ደግሞ አብሪው።»

ይሄ ዘጠነኛችን ነው። አባቴ ከጋራዡ ጥግ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ዘጠኝ ጊዜ ስጠየቅ ዘጠኝ ጊዜ ያንኑ መለስኩ።

በሁለት ወር ውስጥ አባቴ ሦስት ጊዜ ነዳጅ ጨርሶ መንገድ ላይ ቆሟል። በሦስተኛው እናቴ አብራው ነበረች፤ ያንን የታመመ ጉልበቷን ይዛ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስነሳ ግማሽ ይል ነበር።» እኛ ሄደን ስናየው ጌጁ ባዶ ነው የሚለው። አርባ ዓመት የነዳ ሰው ጌጅ ማንበብ ካቃተው ሌላም ነገር እየጠፋው ነው ብለን ልጆቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ተሰብስበን ወሰንን። ትልቋ እኔ ነኝና ቁልፉን መቀበል በኔ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ መነጽሩን ፈልጎ ባጣ ቁጥር እርስ በርሳችን እንተያያለን።

ዛሬ ሽቦ ችግር ካላገኘ ፒክአፑ ይሸጣል። አባቴም ተስማምቷል። እንደሱ ያለ ሙግተኛ እንዲህ በቀላሉ ይስማማል ብዬ አልጠበቅሁም።

ሽቦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እውነተኛ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ተንፏቆ ይወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ነዳጁን የሚለካውን ተንሳፋፊ አውጥቼ አየሁት፣ ጤነኛ ነው። መስመሩም አልተበጠሰም። እህቴ፣ ጌጁ ምንም አልሆነም» ይላል።

አባቴ ቀና አይልም። «እንግዲያው እኔ ነኛ» ይላል ቀስ ብሎ።

ቁልፉን ነቅዬ እጄ ላይ እይዛለሁ።

ሽቦ አሁንም ቆሞ ጭንቅላቱን ያካል። «መኪና ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ጤነኛ ይሆናል። ጋሼ፣ ግማሽ ሲልዎት ምን እያደረጉ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? ቁጭ ብዬ ነዋ።»

«እስቲ ይቀመጡና ያሳዩኝ።»

ሁለቱም ወደኔ ያያሉ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ሽቦ መንገራገሬ ገብቶት «ጎማው በድንጋይ ተደግፏል፤ የትም አይሄድም» ይለኛል። በራሴ አፍሬ ወርጄ ቁልፉን ለአባቴ ሰጥቼ ቦታውን እለቃለሁ።

ይገባል፤ በሩን ይዘጋል። የትም ለማይሄድ መኪና መስተዋቱን ያስተካክላል። ከዚያ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ ቁልፉን ያዞራል። እኔ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ቀስቱ ይነሳል። ሩቡን ያልፋል። ግማሹ ላይ ደርሶ ቁጭ ይላል።

«ሽቦ!» እጮሃለሁ። «ግማሽ! ግማሽ አለ!»

ሽቦ ከመኪናው ኋላ ነው። «ጋሼ፣ ፍሬን ይዘዋል እንዴ? የኋላ መብራቱ ደብዝዞ ነው የሚበራው። እስቲ ይልቀቁት።»

ቀስቱ ይወርዳል።

«ይያዙት።»

ይወጣል።

«ኧረ ያንተ ያለህ!» ሽቦ ሳቁ ያመልጠዋል። «ጌጁና የፍሬን መብራቱ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዙት በአንድ ሽቦ ነው። ማሰሪያው ዝጓል። መብራቱ ሲበራ ኤሌክትሪኩ መውጫ አጥቶ ጌጁን ያሳስተዋል። ፍሬን ካልተያዘ ግን ጌጁ አይዋሽም።»

ዘጠኝ ጊዜ ያበራሁት ፍሬን ሳልይዝ ነው። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን ይዞ አያውቅም፤ ቤታችን ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው። አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ «መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ቁልፍ» እያለ እንደ ሕፃን ያስደግመኝ ነበር። ጌጅ የሚታየው መኪና ቆሞ ነው፣ ሲሄድ ዓይን ከመንገድ አይነሳም ይለኝ ነበር። እሱ ሁለቱንም አንድ ቀን እንኳን አላጎደለም። ፍሬኑን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ረሳህ የተባለው ግን እሱ።

ሽቦ ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ መልሶ ያጠብቃል። አባቴ ፍሬኑን ይይዛል። ቀስቱ ታች እንዳለ ንቅንቅ አይልም።

«ማታ ማታ ስተኛ» ይላል አባቴ፣ ዓይኑን ከጌጁ ሳይነቅል፣ «ስማችሁን ከትልቅ እስከ ትንሽ እጠራ ነበር። እንዳይጠፋኝ።»

«አባዬ…»

«አንድም ቀን አንዳችሁን አልዘለልኩም።»

ከዚያ ቁልፉን ይነቅልና በመስኮቱ በኩል ይዘረጋልኛል። ቁልፍ ማስረከብን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለምዶታል፤ እኛ ነን ያስለመድነው።

አልቀበለውም። ዞሬ በወዲያኛው በር እገባና ቀበቶዬን አስራለሁ። «ማደያ ድረስ ያደርሰናል?» እላለሁ።

«ሦስት ሊትር አይደል የጨመርሽው? ይተርፈናል።»

ሽቦ ድንጋዩን ያነሳልናል። አባቴ መስተዋቱን እንደገና ይነካካል። በኔ በኩል ባለው መስተዋት የጋራዡ የኋላ ግድግዳ በፍሬን መብራቱ ድንገት ቀይ ሲሆን አያለሁ፤ ቁልፉ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።