መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ስም

ኖሪን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፓስኮን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። ሚኒስትር ሳለ የከተማውን የባቡር መጠገኛ በአንድ ፊርማ ዘጋው። ባሏ ዴዝ መፍቻዎቹን ተሸክሞ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነም። በአራተኛው ዓመት ቀበረችው።

ዛሬ የምርጫ ቀን ነው። እሷ የፓርቲዋን ቀይ ካናቴራ፣ ጎረቤቷ ግሌኒስ የፓስኮን ፓርቲ ሰማያዊ ለብሰው፣ እንደ ሁልጊዜው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ለሚገባው ሁሉ «እንዲህ ምረጡ» የሚለውን የየፓርቲያቸውን ወረቀት ያድላሉ። ሰልፉ ሲሳሳ ኖሪን መጽሐፍ በወረቀቶቹ ከልላ ታነባለች።

ሳቅ አመለጣት።

«ምን ተገኘ?» ግሌኒስ አንገቷን አሰገገች። «ውይ፣ የኛ የፓስኮ መጽሐፍ አይደል እንዴ? ለቀዮቹ ሳልናገርብሽ አልቀርም።»

«ተናገሪያ። ልሰድበው ብዬ ነው የተዋስኩት።»

«ስድብ እንዲህ ያስቃል?»

«እናቱ እኮ ላሞቿን በኛ እጩዎች ስም ነበር የምትጠራው። ስታልባቸው እንድትሰድባቸው።» ኖሪን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መጻፍ ይችልበታል። እሱን ሳነብ ሁለት ቀን ድንች አሳርሬአለሁ።»

ይህን ማለቷ ለራሷም ከበዳት። ዴዝን ሰው ፊት የካደችው መሰላት።

ገጹን ስትገልጥ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። መጠገኛው የተዘጋበት ቀን ነው። ሰበብ ይደረድራል ብላ ነበር፤ አልደረደረም። «ከቁርስ በፊት ፈረምኩ። አራት መቶ ሰው ነው አሉኝ። የአንዱንም ስም አልጠየቅሁም። ወደዚያ ከተማ መሄድ አፍሬ ቀረሁ።»

ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ሁለቴ አነበበችው።

«ታሟል የሚሉት እውነት ነው?»

«ጉበቱን ነው» አለች ግሌኒስ፤ አሁን አልቀለደችም። «ማክሰኞ ልጠይቀው እሄዳለሁ።»

ኖሪን ከቀዮቹ ወረቀቶች አንዱን መዘዘች። ባዶ ጀርባውን ገልብጣ አጥሩ ላይ አስደገፈችና በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈች።

«የላሞቹን ወድጄዋለሁ። ባሌ ዴዝ ትራንተር ይባል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጠገነ። አልጠየቅህም፤ እኔ ነገርኩህ። ይቅር አላልኩህም። መጽሐፉን ግን እጨርሰዋለሁ።»

ሳታጥፈው ሰጠቻት። ግሌኒስ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ከሰማያዊዎቹ ወረቀቶች ለይታ፣ እንዳይጨማደድ በጥንቃቄ ጠቅልላ መነጽር ማኅደሯ ውስጥ አስገባችው።