አርዲቦ ጠረጴዛ ላይ

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጉርድ ሾላ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ጣቱን የፈሰሰ ሻይ ውስጥ ነከረና፣ መኪና የማይገባበትን የወሎን አርዲቦ ሐይቅ ጠረጴዛው ላይ ሣለ። ዘኪያ ከባሏ ጎን ሆና አየችው። ከብሔራዊ ውትድርና የሸሸው ወንድሟ እዚያ ነው ያለው።

«ወንዙ ከሚወጣበት በስተቀኝ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር» አለ ሊቀ መንበሩ ጣቱን ተክሎ። «ነገ ታጣቂዎች ሊይዙት ይሄዳሉ። ምነው ዝም አልሽ፣ ጓዲት?»

«ምን ልበል ጓድ፣ አገሬን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።»

ባሏ ቀና ሳይል ስኳር ያልገባበትን ሻይ ያማስል ጀመር። ያን ሾላ አንድ ትራስ ላይ ተኝተው የነገረችው ለእሱ ብቻ ነበር። እናቷ ያለበትን ለማንም እንዳትናገር ስላስማለቻት ዋሽታው፣ ሰሞኑን ዓይኑን ማየት አፍራ ሰንብታለች። በዚያ ዳር ሾላ በቅሎ አያውቅም፤ ወንድሟም ያለው በማዶ ነው።

በሻርቧ ጫፍ ሐይቁን ጠረገችው።

«ጠጣው እንጂ» አለችው ባሏን፣ «ቀዘቀዘብህ።»